የከባድ መኪና ሹፌር ዘፈን በወፍራም ድምፅ፦ ከኪይ መረጣ እስከ ቀረጻ

የአሜሪካ የከባድ መኪና ሹፌሮች ዘፈን በካንትሪ ሙዚቃ ውስጥ የራሱ ቦታ ያለው ዘርፍ ነው። የዊስኮንሲኑ ተወላጅ ዴቭ ደድሊ እ.ኤ.አ. በ1963 «ሲክስ ዴይስ ኦን ዘ ሮድ»ን አውጥቶ በቢልቦርድ የካንትሪ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ሲደርስ ዘርፉ መልኩን ያዘ። ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ሦስት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች)፣ የማይዛነፍ ምት፣ በስንኞቹ መሀል ደግሞ ከጊታሩ ወፍራም ክሮች ብቅ የሚል አጭር ዜማ። ሲሰሙት ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ሲሞከር ግን አብዛኛውን ጊዜ የታፈነ፣ ቃሉ የማይለይ ነገር ይወጣል። ምክንያቱ ዘፋኙ፣ ቤዝ ጊታሩና የጊታሩ ወፍራም ክሮች ሁሉም ከ80 እስከ 250 ኸርዝ ባለው ጠባብ ቦታ መጋፋታቸው ነው። ከታች ያለው አሠራር በሙሉ የተመሠረተው ወፍራም ድምፅና ወፍራም ክር በየተራ እንዲናገሩ በማድረግ ላይ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ኤሌክትሪክ ጊታር ካለ ቴሌካስተር ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ አኩስቲክም ይሠራል። ከ0.73 እስከ 0.88 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ፒክ (ክር መምቻ)፣ ካፖ (ክሮቹን አንገቱ ላይ አጥብቆ የሚይዝ መቆንጠጫ)፣ በስልክ የሚሠራ መቃኛና ሜትሮኖም፣ አንድ ማይክሮፎን፣ የጆሮ ማዳመጫ። ለኤሌክትሪክ ጊታር ከ0.010 እስከ 0.046 ኢንች ያለው የክር ስብስብ ይበቃል። ጊታሩን አንድ ሙሉ ቶን (አንድ የድምፅ እርከን) ዝቅ አድርጋችሁ የምትቃኙ ከሆነ ግን ከ0.011 እስከ 0.049 ያለውን ግዙ። ቀጭኑ ክር ሲላላ በተመታ ቁጥር መጀመሪያ ወደ ላይ ይስታል፣ ከዚያ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ጆሮ ላይ የሚደርሰው ያልተቃኘ ጊታር ድምፅ ነው።

1. መጀመሪያ ስሙ

ሦስት ዘፋኞችን ለሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ስሙ። ደድሊን ስትሰሙ ትኩረታችሁ ድምፁ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ላይ አይሁን፤ ቃላቱን እንዴት እንደሚያሳጥርና የስንኙን መጨረሻ ሳይጎትት እንደሚለቀው ልብ በሉ። የሜይኑ ዲክ ከርለስ በ1965 ባወጣው «ኤ ቶምስቶን ኤቭሪ ማይል» ላይ ባሪቶን ድምፁ ከታች ሲነሳ ሙሉ ሆኖ ይሰማል፤ ዘፈኑ ድንች ጭነው በሄይንስቪል ጫካ መንገድ ስለሚያልፉ ሹፌሮች ነው፣ አስፈሪው በረዶ በድምፁ ቀለም ብቻ ይታያል። ሬድ ሶቫይን ደግሞ ንግግር ነው። «ጊዳፕ ጎ» እና የ1976ቱ «ቴዲ ቤር» በካንትሪ ሰንጠረዥ 1ኛ የወጡት በዜማ ሳይሆን በጨዋታ መልክ እየተነገሩ ነው።

2. ኪዩን ከድምፃችሁ ውሰዱ

ኪይ ማለት ዘፈኑ የሚዘፈንበት የድምፅ ከፍታ ነው። መረጣውን ከሰዓት በኋላ አድርጉት። ጠዋት ከእንቅልፍ እንደተነሣን የድምፅ ጅማቶች አበጥ ስለሚሉ ድምፅ ከወትሮው ወርዶ ይገኛል። በጠዋት ድምፅ የተመረጠ ኪይ ማታ መድረክ ላይ ከታች በኩል ባዶ ይሆናል።

ጊታሩን በመደበኛ ቅኝት ቃኙ። ወፍራሙን ስድስተኛ ክር 8ኛ ፍሬት (በጊታሩ አንገት ላይ ባሉት ብረቶች የተለየ ቦታ) ላይ ምቱና በዚያው ድምፅ «ማ» እያላችሁ አራት ሰከንድ ያዙ። ከዚያ በአንድ በአንድ ፍሬት ውረዱ። ድምፁ መንኳኳት፣ መሰነጣጠቅ ወይም ትንፋሽ ብቻ መሆን ሲጀምር ቁሙ። ከእሱ በፊት የነበረው፣ ሁለት ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ጥርት ብሎ የሚሰማው ፍሬት ወለላችሁ ነው። የሚንኳኳው ድምፅ በማይክሮፎን ወፍራም ይመስላል፤ ዜማ ግን አይሸከምም፤ አትቁጠሩት።

አሁን ከወለላችሁ ሦስት ፍሬት ወደ ላይ ቁጠሩ። የዜማችሁ ዝቅተኛው ድምፅ እሱ ነው። ሦስቱ ፍሬት መጠባበቂያ ናቸው፤ ስትደክሙ፣ ጉንፋን ሲይዛችሁ፣ መድረክ ላይ ስትቸኩሉ ያስፈልጋሉ። ያንን ዝቅተኛ ድምፅ የኪዩ አምስተኛ እርከን አድርጉት። ስሌቱ ከተሠራ በኋላ የሚቀረው ይህ ነው፦

ወለላችሁ 4ኛ ፍሬት ከሆነ በመደበኛ ቅኝት በኢ ሜጀር ዝፈኑ። 3ኛ ከሆነ ክሮቹን ሁሉ ግማሽ ቶን፣ 2ኛ ከሆነ አንድ ሙሉ ቶን ዝቅ አድርጉ። 5ኛ ከሆነ ካፖ 1ኛ ፍሬት ላይ፣ 6ኛ ከሆነ 2ኛ ላይ፣ 7ኛ ከሆነ 3ኛ ላይ እሠሩ። በሁሉም ጊዜ ጣቶቻችሁ የሚይዙት ያንኑ ኢ (ሚ)፣ ኤ (ላ) እና ቢ 7 (ሲ ሰባት) ነው። ወለላችሁ ከ2ኛ ፍሬት በታች ቢሆንም ከአንድ ሙሉ ቶን በላይ አትውረዱ፤ ክሩ ይንዘፈዘፋል፣ በመኪና ድምፅ ማጉያም አይሰማም።

ዜማውን ስትሠሩ ጣሪያም ይኑረው። በኢ ይዞታ ክፍት ሁለተኛው ክር ከሚሰጠው ድምፅ ቢበዛ ሁለት ፍሬት ብቻ ይለፍ። ከዚያ በላይ ከወጣ ድምፁ ይቀጥንና የዘፈኑ ባሕርይ ይጠፋል።

3. ቀኝ እጅ

አራት ቁጠሩ። በ1 ላይ ስድስተኛውን ክር ክፍት፣ በ2 ላይ ሦስቱን ቀጫጭን ክሮች ብቻ ፈጠን አድርጎ ወደ ታች፣ በ3 ላይ አምስተኛውን ክር 2ኛ ፍሬት፣ በ4 ላይ እንደገና ቀጫጭኖቹን። ይህ ለኢ ነው። በኤ ኮርድ ላይ 1 ክፍት አምስተኛ ክር፣ 3 ክፍት ስድስተኛ ክር ይሆናል። በቢ 7 ደግሞ 1 አምስተኛው ክር 2ኛ ፍሬት ነው፤ ለ3 ያንኑ የመሀል ጣት አንሥታችሁ ስድስተኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ አስቀምጡና መልሱት።

የቀኝ መዳፋችሁ ጠርዝ ብሪጁ (ክሮቹ በጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ድልድይ) ላይ፣ ወፍራሞቹን ሁለት ክሮች በጭንቅ ነካ አድርጎ ይረፍ። ወደ ፊት ከገፋ ክሩ ይሞታል፣ ወደ ኋላ ከሸሸ ይጮኻል። ትክክለኛው ቦታ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ ስፋት ስለሌለው በጆሮ ፈልጉት።

እዚህ ላይ ተደጋግሞ የሚያጋጥም ችግር አለ። በ2 እና በ4 ላይ የሚመቱት ቀጫጭን ክሮች ወዲያው መታፈን አለባቸው፤ «ቺክ» የሚለው ድርቅ ያለ ድምፅ ከዚያ ይመጣል። በኢ ኮርድ ግን አንደኛውና ሁለተኛው ክር ክፍት ስለሆኑ ግራ እጅን ማላላት ብቻውን አያቆማቸውም። ትንሿን ጣት ጠፍጣፋ አድርጋችሁ በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ጣል አድርጉ፣ ሳትጫኑ። ለሁለት ቀን ይከብዳል፣ ከዚያ ጣቷ ራሷ ታውቀዋለች።

ከኢ ወደ ኤ ለመሻገር በኢው የመጨረሻ ባር (አራት ምት) ላይ 1 ክፍት ስድስተኛ ክር፣ 2 ቺክ፣ 3 ስድስተኛው ክር 2ኛ ፍሬት፣ 4 ስድስተኛው ክር 4ኛ ፍሬት፣ ከዚያ ኤ። ስትመለሱ ያንኑ ገልብጡት፦ 1 ክፍት አምስተኛ ክር፣ 2 ቺክ፣ 3 የስድስተኛው ክር 4ኛ ፍሬት፣ 4 ደግሞ 2ኛው፣ ከዚያ ኢ። በየኮርዱ አታድርጉት፤ በአንድ የዘፈን ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ይበቃል።

ሜትሮኖሙን ከ76 ጀምራችሁ ወደ 104፣ ቢበዛ 112 አሳድጉ። እጃችሁ ከለመደ በኋላ በ54 አድርጉትና ምቱን 2 እና 4 እንደሆነ ቁጠሩት፤ ፍጥነቱ ያው 108 ነው፣ 1ን መያዝ ግን የእናንተ ሥራ ይሆናል። የሚፈጥንና የሚዘገይ እጅ እዚህ ላይ ወዲያው ይጋለጣል።

4. የወፍራም ክሮቹ መልስ

በደድሊ ዘፈን ላይ ጊታሩን የተጫወተው ጂሚ ኮልቫርድ ነው፤ ዘርፉ በዚያ ወፍራምና ጥርት ባለ የጊታር ድምፅ ይታወቃል። የእሱን ኖታ መቅዳት አያስፈልግም። የሚከተለው ሁለት ባር የሚወስድ የራሳችሁ መነሻ ይሁን።

በአንደኛው ባር 1 ላይ ስድስተኛው ክር ክፍት፤ 2 ላይ ስድስተኛው ክር 3ኛ ፍሬት ተመትቶ ወዲያው ወደ 4ኛ ይንሸራተት፤ 3 ላይ አምስተኛው ክር 2ኛ ፍሬት፤ 4 ላይ አምስተኛው ክር 4ኛ ፍሬት። በሁለተኛው ባር 1 ላይ አምስተኛው ክር 2ኛ ፍሬት፤ 2 ላይ ስድስተኛው ክር 4ኛ ፍሬት፤ 3 ላይ ስድስተኛው ክር ክፍት፤ 4 ላይ ዝም።

ያቺን ዝምታ አትሙሏት፤ ዘፋኙ የሚተነፍሰው እዚያ ነው።

ፒኩን ከብሪጁ ሦስት አራት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ምቱ፤ ፒክአፑም (የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ክፍል) ለብሪጁ የቀረበው ይሁን። አምፕሊፋየሩ ንጹሕ፣ ቤዝ 4፣ ሚድል 5፣ ትሬብል 7፣ ስፕሪንግ ሪቨርብ (ማስተጋባት) 3 ላይ ይጀመር። ዲስቶርሽን አትጨምሩ፤ ወፍራም ክር ሲቆሽሽ ቤዙን ይውጠዋል። 3ኛውን ፍሬት ማንሸራተት ትታችሁ ማጠፍ ከፈለጋችሁ ስድስተኛውን ክር ወደ አምስተኛው አቅጣጫ፣ ማለትም ወደ መሬት ሳቡት። ወደ ላይ ከገፋችሁት ከጊታሩ አንገት ይወርዳል።

የቤቱ አቀማመጥ 16 ባር ነው። ሁለት ባር ኢ ተዘፍኖበት ሁለት ባር ኢ ለጊታሩ፤ ሁለት ባር ኤ ተዘፍኖበት ሁለት ባር ኢ ለጊታሩ፤ ይኸው በኤ የሚጀምረው አራት ባር አንድ ጊዜ ይደገማል፤ በመጨረሻ ሁለት ባር ቢ 7 ተዘፍኖበት ሁለት ባር ኢ። ጊታሩ ሁልጊዜ የሚመልሰው በኢ ላይ ስለሆነ አንድ ሐረግ ለሁሉም ይበቃል፣ ከዘፋኙም ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ቤዝ ጊታር ካለ ዘፋኙ ሲዘፍን 1 እና 3ን ይምታ፤ ጊታሩ ሲመልስ 1ን ብቻ። ድራሙ በብሩሽ ይሁን፣ 2 እና 4 ላይ ስኔሩን ጠንከር አድርጎ።

5. ድምፅ

ድምፅን ለማወፈር ማንቁርትን ወደ ታች መጫን፣ አገጭን ደረት ላይ መቅበር የተለመደ ነው። ውጤቱ ከበርሜል ውስጥ የሚወጣ የሚመስል፣ አናባቢው ሁሉ ወደ «ኦ» ያጋደለ ድምፅ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጉሮሮ ያማል። አገጫችሁ ከወለሉ ጋር ትይዩ ይሁን። ዝቅተኛው ድምፅ የሚሞላው በመላላትና ቀስ ብሎ በሚወጣ አየር ነው፤ በግፊት አይገኝም። አንድ መፈተኛ አለ፦ ዝቅተኛውን ስንኝ እየዘፈናችሁ አንገታችሁን በቀስታ ግራና ቀኝ አዙሩ። ድምፁ ከተለወጠ ጡንቻ እየያዘው ነው።

ከመዝፈን በፊት ለአምስት ደቂቃ ከንፈር እያርገበገቡ ከመካከል ወደ ታች መውረድ ይበቃል። ስትዘፍኑ ስንኙን መጀመሪያ በንግግር በሉት፣ ከዚያ ሳታስጌጡ በዚያው ፍጥነት ዜማ ላይ አስቀምጡት። በባህላዊ ዘፈናችን የለመድነው የድምፅ መንቀጥቀጥና ማዞር የትም ያምራል፣ እዚህ ግን ይቀመጥ። የስንኙ የመጨረሻ ቃል ቀጥ ብሎ ይጀምርና ጫፉ ላይ ትንሽ ይውረድ። ከምቱም በፀጉር ያህል ወደ ኋላ ቀርታችሁ ዝፈኑ፤ ጊታሩ ግን አይቆያችሁም።

6. ግጥሙን በአማርኛ መግጠም

በአሜሪካ መንገዶች ላይ ከባድ መኪና የሚነዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስላሉ ለዚህ ዘፈን የአማርኛ ቃል አያጥርም። ቅርጹም የተመቸ ነው። ወል ቤት ስድስት ስድስት ሆኖ የሚቆረጥ አሥራ ሁለት ቀለም አለው። አንድ ባር ስምንት ግማሽ ምቶች ይይዛል፤ ስድስቱ ለቀለሞቹ፣ ሁለቱ ለትንፋሽ ይሆናሉ። ሁለት ባር ላይ አንድ ሙሉ ስንኝ ያርፋል ማለት ነው። ለምሳሌ፦

ናፍጣው አለቀ እንጂ / መንገድ አላለቀ፣
የቤቴ በር መብራት / ካይኔ እየራቀ።

አራት እንዲህ ያሉ ስንኞች 16ቱን ባር ይሞላሉ። ጠብቆ የሚነበብ ፊደል ጊዜ ይወስዳልና በ1 ወይም በ3 ላይ ቢያርፍ ቃሉ ቀጥ ይላል፤ በሁለት ምቶች መካከል ከወደቀ ላልቶ ይሰማና ትርጉሙ ይበላሻል።

ይዘቱ ላይ ሹፌር አድማጭ አይታለልም። በ1960ዎቹ ዘፈኖች ሹፌሩ የወረቀት መዝገቡን እያስተካከለ፣ ከሚዛን ጣቢያ እየሸሸ ያልፋል። ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ግን አብዛኛው የረጅም መንገድ ሹፌር የማሽከርከሪያ ሰዓቱ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይመዘገባል፤ ከ10 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት በኋላ ሊነዳ የሚችለው 11 ሰዓት ነው። የዛሬው ጭንቀት ሰዓቱ ሳያልቅ ማቆሚያ ማግኘት ነው፣ ማታ ቦታው ሁሉ ሞልቶ። በፌዴራል አውራ ጎዳናዎች ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 80,000 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 36 ቶን ነው። «መቶ ቶን ጭኜ» ብሎ የሚዘፍን ሰው ጋቢና ውስጥ ወዲያው ይታወቅበታል። አንድ ትክክለኛ ነገር፣ እንደ ዳገት ላይ ማርሽ መቀነስ ወይም ቁልቁለት ላይ የፍሬን መጋል፣ ከአሥር ስለ ናፍቆት ከሚያወሩ ስንኞች ይበልጣል።

7. በንግግር የሚሄድ ክፍል ከፈለጋችሁ

በሶቫይን መንገድ አንዱን ቤት በንግግር ለማድረግ ወፍራም ክሮቹን ሙሉ በሙሉ አቁሙ። ጊታሩ ኮርዱን በ1 ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይንካ። ዓረፍተ ነገሩ ኮርዱ ከመለወጡ ግማሽ ባር ቀድሞ ይለቅ፤ ስሜቱን የሚያመጣው ከቃሉ በኋላ ብቻውን የሚሰማው የኮርድ ለውጥ ነው። ልቅሶ የሚመስል ድምፅ አታውጡ። ታሪኩ የሚያሳዝን ከሆነ ድምፁ የተረጋጋ ይሁን።

8. ቀረጻ

ማይክሮፎን ከአፍ አምስት ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን የታችኛውን ድምፅ ያሳብጣል። ቀጭን ድምፅ ያለው ሰው ይጠቀምበታል፤ ወፍራም ድምፅ ያለውን ግን ያፍነዋል። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ራቁ፣ ማይኩንም ከአፍ ፊት ለፊት ትንሽ ወደ ጎን አዙሩት። በአማርኛ ይህ ማዞር ግዴታ ነው፤ ጰ፣ ጠ፣ ጨ እና ቀ የሚፈነዱ ስለሆኑ ፊት ለፊት ከተዘፈኑ ማይኩን ይመቱታል።

መኝታ ያለው ጋቢና ጥሩ መቅረጫ ነው፤ ፍራሹና መጋረጃው ማስተጋባትን ይውጣሉ። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ፣ ማሞቂያውና ማቀዝቀዣው ጠፍተው ይሁን። እየነዱ ስልክ በእጅ ይዞ መቅረጽ አደጋ ነው፣ በንግድ መኪና ሹፌር ላይም በፌዴራል ደንብ የተከለከለ ነው።

ቀረጻውን ስታስተካክሉ ከዘፋኙ ድምፅ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ቁረጡ፣ 250 ኸርዝ አካባቢ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ቀንሱ፣ 3 ኪሎ ኸርዝ ላይ 2 ዴሲቤል ጨምሩ። ኮምፕረሰር (ከፍተኛውንና ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያቀራርብ) 3 ለ 1 ይበቃል። ረጅም ሪቨርብ አታድርጉ፤ ከ80 እስከ 120 ሚሊ ሰከንድ የሚዘገይ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመለስ ኤኮ ተጠቀሙና የሚሰማ መሆኑ ሊታወቅ ሲጀምር መልሳችሁ ትንሽ ቀንሱት።

የመጨረሻው ፈተና በጆሮ ማዳመጫ አይደረግም። በቆመ መኪና ውስጥ ሞተሩን አስነሡ፣ ዘፈኑን በመካከለኛ ድምፅ ክፈቱ። የሞተሩ ጉምጉምታ ታችኛውን ድምፅ ይሸፍናል፤ የቀረው ነገር ቃሉን ካላሰማ የዘፋኙን ድምፅ አትጨምሩ። መጀመሪያ ቤዝ ጊታሩን 2 ዴሲቤል ቀንሱ። ካልበቃ 3 ኪሎ ኸርዙን በ1 ጨምሩ። አሁንም ቃሉ ካልተለየ ዜማው ታች ወርዷል ማለት ነው፤ ካፖውን አንድ ፍሬት ወደ ላይ አሳድጉና ዘፈኑን እንደገና ቅረጹ።